ትምህርት ቶሎ ለሚገባው ልጅ የቱ ተጨማሪ ትምህርት ይሻላል? የአማራጮች ንጽጽር

አንድ ልጅ በየመንፈቅ ዓመቱ ከክፍሉ 1ኛ ወጥቶ ካርዱን ሲያመጣ፣ ወይም መምህርቱ ወላጅ አስጠርታ «ሥራውን ቶሎ ይጨርስና አጠገቡ ያለውን ያስወራል» ስትል፣ ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚያስበው ተጨማሪ ትምህርት ማስጀመርን ነው። ችግሩ ከዚያ በኋላ ይመጣል። አዲስ አበባ ውስጥ ለመጀመሪያ ደረጃ ተማሪዎች የሚቀርቡት ትምህርቶች በዓላማ፣ በዋጋና በሚጠይቁት ጊዜ እጅግ ቢለያዩም ማስታወቂያቸው ግን አንድ ዓይነት ነው፤ ሁሉም የልጁን አእምሮ እንደሚያበለጽጉ ይናገራሉ። ይህ መመሪያ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ላሉና በትምህርታቸው ከእኩዮቻቸው ቀድመው ለሚሄዱ ልጆች ወላጆች የተዘጋጀ ሲሆን፣ የተቋማትን ስም ትቶ የትምህርቶቹን ዓይነት እርስ በርስ ያወዳድራል።

ከመምረጥ በፊት፦ ልጁ የት ላይ ነው ያለው?

ደረጃ ብቻውን ብዙ አይናገርም። ልጁ 1ኛ የወጣው በ25 ተማሪ መካከል ነው ወይስ በ60? ፈተናው የተማሩትን መልሶ ማስታወስ ብቻ የሚጠይቅ ነበር ወይስ ማሰብንም? ከዚህ ይልቅ በራሱ የስሌት መንገድ የሚፈጥር፣ አንድን ጉዳይ ይዞ ለሳምንታት የማይለቅ፣ መልስ ሲነገረው «ለምን?» ብሎ የሚመለስ ልጅ ነው ተጨማሪ ነገር የሚያስፈልገው። እንዲህ ያለው ልጅ አንዳንድ ጊዜ 10ኛ ወይም 15ኛ ሊወጣ ይችላል፤ ዝምተኛ ከሆነም ማንም ላያስተውለው ይችላል። አሜሪካዊው የትምህርት ተመራማሪ ጆሴፍ ሬንዙሊ እ.ኤ.አ. በ1978 ባቀረበው ሐሳብ የላቀ ውጤት የሚመጣው ከአማካይ በላይ የሆነ ችሎታ፣ የፈጠራ ዝንባሌና በአንድ ሥራ ላይ የመጽናት ፍላጎት ሲገናኙ ነው። ከሦስቱ በካርድ ላይ የሚታየው፣ እሱም በከፊል፣ የመጀመሪያው ብቻ ነው።

ችሎታ በየትምህርቱ ይለያያልና ልኬቱም በየትምህርቱ ይሁን። ቀላሉ ዘዴ የሚከተለው ነው፦ ልጁ 3ኛ ክፍል ከሆነ፣ ያለፈውን ዓመት የ4ኛ ክፍል የሒሳብ የማጠቃለያ ፈተና ከትምህርት ቤቱ ወይም ከጎረቤት ልጅ ተውሰው፣ ሳያስጠኑት፣ በእርጋታ ያሠሩት። አብዛኛውን በትክክል ከሠራው የክፍሉ ሒሳብ አንሶታል ማለት ነው። ያልሠራቸውን ጥያቄዎች ግን ተቀምጠው ይዩ፤ ስሕተቱ የመጣው ካልተማረው ነገር ነው ወይስ ካልገባው?

እዚህ ላይ የቋንቋ ጉዳይ መዘንጋት የለበትም። በመንግሥት ትምህርት ቤት ሒሳብን በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ የሚማር ልጅ የመግቢያ ፈተናውን በእንግሊዝኛ ብቻ በሚሰጥ ማዕከል ቢፈተን፣ የሚለካው እንግሊዝኛው እንጂ ሒሳቡ አይደለም። እንዲህ ባለው ፈተና ውጤት ተነሥቶ «ልጁ ያን ያህል አይደለም» ብሎ መደምደም ልጁን መበደል ነው።

በምን እንመዝናቸው?

ከሁሉ በፊት የሚመጣው መመዘኛ የትምህርቱ ጥልቀት ነው። አንድ የ4ኛ ክፍል ተማሪ እንዲህ የሚል ጥያቄ ቀረበለት እንበል፦ በአንድ ግቢ ውስጥ በጎችና ዶሮዎች አሉ፤ ራሳቸው ሲቆጠር 20፣ እግራቸው ሲቆጠር 56 ነው፤ ስንት በግ፣ ስንት ዶሮ አለ?

ልጁ ሦስት ዓይነት አስተማሪ ሊገጥመው ይችላል። የመጀመሪያው ቁጥሩን እየቀያየረ ተመሳሳይ 15 ጥያቄ ያሠራዋል። ሁለተኛው በላይኛው ክፍል የሚመጣውን በኤክስና በዋይ የሚሠራ የእኩልታ አፈታት አስቀድሞ ያስጠናዋል። ሦስተኛው ልጁ በራሱ መንገድ እስኪደርስበት ይታገሠዋል። ሁሉም ዶሮ ቢሆኑ እግሩ 40 ይሆን ነበር፤ የተረፈው 16 እግር ለበጎቹ ሁለት ሁለት ሲከፋፈል 8 በግ ይገኛል፤ ቀሪው 12 ዶሮ ነው። ልጁ እዚህ ሲደርስም አስተማሪው አይለቀውም፦ «ራሱ 20 ሆኖ እግሩ 57 ሊሆን ይችላል? ለምን አይችልም? ትንሹ የእግር ብዛት ስንት፣ ትልቁስ ስንት ነው?» እያለ ይቀጥላል። የመጀመሪያው ድግግሞሽ ነው፤ ሁለተኛው ማስቀደም ነው፤ ሦስተኛው ማበልጸግ ነው። ማስቀደም ቦታ አለው፣ በክፍል ማዝለል ላይ እንመለስበታለን። ድግግሞሽ ግን ለሚቸገር ልጅ መድኃኒት ሲሆን፣ ቀድሞ ለገባው ልጅ ትምህርትን የሚያስጠላ ሸክም ነው። ማንኛውንም ማዕከል ሲጎበኙ ልጆች ሲሠሩበት የነበረ ደብተር እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ፤ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ በጥቂት ገጽ ይታወቃል።

ሁለተኛው መመዘኛ ምደባው ነው። ልጆች የሚመደቡት በዕድሜና በክፍል ብቻ ከሆነ፣ ቀድሞ የሄደው ልጅ እዚያም ሄዶ ይጠብቃል። ሦስተኛው አስተማሪው ነው፤ የማያውቀው ጥያቄ ሲቀርብለት «አብረን እንፈልገው» የሚል መሆኑ ከዲግሪው ይበልጥ ይጠቅማል። አራተኛው ባልንጀራ ነው። በክፍሉ ብቻውን የሚቀድም ልጅ እንደ እሱ የሚያስብ ሌላ ልጅ ሲያገኝ መሸነፍንም መከራከርንም ይማራል፤ ይህን ደግሞ ቤት የሚመጣ አስጠኚ ሊሰጠው አይችልም።

ጊዜና ገንዘብ አንድ ላይ ይሰሉ። ለማሳያ ያህል፣ በሳምንት ሁለት ቀን ለ1 ሰዓት ተኩል የሚያስተምር ማዕከል በወር 3,000 ብር ቢያስከፍል፣ ለ12 ሰዓት ትምህርት በሰዓት 250 ብር ይሆናል። የደርሶ መልስ ትራንስፖርቱ በየቀኑ 200 ብር ከሆነ ግን በወር 1,600 ብር ይጨመራል፤ የአንዱ ሰዓት እውነተኛ ዋጋም ወደ 383 ብር ይደርሳል። በዚህ ላይ የመጽሐፍ፣ የመሣሪያ፣ የፈተናና የምስክር ወረቀት ክፍያ አለ። ጊዜን በተመለከተ፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ እንደሚያስፈልጋቸው የእንቅልፍ ሐኪሞች ይመክራሉ። ሰርቪስ እንዳያመልጠው ጠዋት 12 ሰዓት የሚነሣ ልጅ ዝቅተኛውን መጠን እንኳ ለማግኘት ማታ 3 ሰዓት ላይ ተኝቶ መገኘት አለበት። ትምህርቱ ይህን የሚነካ ከሆነ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን አይጠቅምም።

የቤት አስጠኚ

በከተማችን የተለመደው ይህ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወይም መምህር በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን ቤት እየመጣ ያስጠናል። ትልቁ ጥንካሬው ሙሉ በሙሉ በልጁ ልክ ሊሄድ መቻሉ ሲሆን፣ ልጁ ክፍልፋይ ከገባው በዚያው ቀን ወደሚቀጥለው መሻገር ይቻላል። በተግባር ግን አብዛኛው አስጠኚ የሚቀጠረው የቤት ሥራ እንዲያሠራና ለፈተና እንዲያዘጋጅ ነው፤ ወላጁም የሚገመግመው በካርዱ ውጤት ነው። ቀድሞውንም 98 የሚያመጣ ልጅ ወደ 100 እንዲደርስ መክፈል ትርፉ ትንሽ ነው።

ስለዚህ ይህን አማራጭ የሚመርጥ ወላጅ ውሉን መለወጥ አለበት። አስጠኚው የቤት ሥራ እንደማያሠራ፣ በየሳምንቱ ሁለት ወይም ሦስት ከባድ ጥያቄ ብቻ እንደሚያመጣ፣ መልሱን እንደማይናገር አስቀድሞ ይነገረው። በምሕንድስና ወይም በሒሳብ የሚማርና ጥያቄ መፍታት የሚወድ ተማሪ ከተገኘ ለሒሳብ ዝንባሌ ላለው ልጅ ከዚህ የተሻለ አማራጭ አላውቅም። ዋጋውን ለመቀነስም፣ ችሎታቸው የተቀራረበ ሁለት ወይም ሦስት ልጆች በአንድ ቤት ቢማሩ ወጪው ይከፋፈላል፤ የባልንጀራ ጉድለቱም ይሞላል።

አባከስ

አባከስ በዘንግ ላይ የተሰኩ ዶቃዎችን በማንቀሳቀስ የሚሰላበት ሰሌዳ ነው። በሰሌዳው ላይ በየዘንጉ ከመለያያው በላይ 5 የሚቆጠር አንድ ዶቃ፣ ከመለያያው በታች እያንዳንዳቸው 1 የሚቆጠሩ አራት ዶቃዎች አሉ። 7ን ለማሳየት የላይኛው አንድና ከታችኞቹ ሁለቱ ወደ መለያያው ይገፋሉ። ልጁ ከወራት ልምምድ በኋላ ሰሌዳውን በሐሳቡ እያየ፣ ጣቶቹን በአየር ላይ እያንቀሳቀሰ፣ ወላጁ በካልኩሌተር የሚደምረውን ቀድሞ ይናገራል። ትዕይንቱ ያስደንቃል፣ ማዕከላቱም በዚሁ ይታወቃሉ።

ጥቅሙን በልኩ መውሰድ ግን ተገቢ ነው። በሕንድ ከ200 በላይ የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪዎችን ለ3 ዓመት የተከታተለና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት፣ አባከስ የተማሩት ልጆች በስሌት ከሌሎቹ እንደበለጡ፣ በማስታወስ ችሎታና በመሳሰሉት መሠረታዊ የአእምሮ ብቃቶች ላይ ግን ለውጥ እንዳልታየ አሳይቷል። ይበልጥ የተጠቀሙትም ከመጀመሪያው ነገሮችን በሐሳባቸው የመሣልና የመያዝ አቅም የነበራቸው ናቸው። አባከስ ስሌት ያፈጥናል፤ የበጎቹንና የዶሮዎቹን ጥያቄ እንዴት እንደሚጀምሩት አያስተምርም። በስሌት የሚዘገይና በዚህም ምክንያት በራሱ የማይተማመን ብሩህ ልጅ ካለ፣ ወይም ልጁ ራሱ ጨዋታውን ከወደደው፣ አንድ ወይም ሁለት ደረጃ ቢማር መልካም ነው። ደረጃዎቹ ብዙ በመሆናቸውና እያንዳንዱም ስለሚከፈልበት፣ እስከ መጨረሻው ድረስ መቀጠል አለበት የሚለውን ምክር ግን አልቀበልም።

ኮዲንግና ሮቦቲክስ

ኮምፒዩተር የሚፈጽመውን ትእዛዝ መጻፍንና ሮቦት መሥራትን የሚያስተምሩት፣ በክረምትና በቅዳሜ የሚሰጡት እነዚህ ትምህርቶች በጥሩ እጅ ሲያዙ ለማበልጸግ በጣም የሚመቹ ናቸው፤ ምክንያቱም ልጁ የራሱን ነገር ይሠራል፣ አልሠራም ሲለውም ስሕተቱን ራሱ ፈልጎ ያገኛል። በመጥፎ እጅ ሲያዙ ደግሞ አስተማሪው በፕሮጀክተር የሚያሳየውን መገልበጥ ብቻ ይሆናሉ። ለመለየት ቀላል ነው፦ በመጨረሻው ቀን ልጆች የሠሩትን ሲያሳዩ 12ቱም ልጆች አንድ ዓይነት ጨዋታ ካቀረቡ፣ ገልብጠዋል። ሮቦቲክስ ከሆነ አንድ ኪት (የመገጣጠሚያ ዕቃዎች ስብስብ) ለስንት ልጅ እንደሚደርስ ይጠየቅ፤ ለአምስት ከሆነ ሁለቱ ይሠራሉ፣ ሦስቱ ያያሉ።

ወላጆች ማወቅ ያለባቸው ሌላው ነገር፣ በብዙ ማዕከላት የሚሰጠው ስክራች የተባለው የኮዲንግ መማሪያ ያለ ክፍያ የሚገኝ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ለሕዝብ የቀረበው ይህ መማሪያ ከ8 እስከ 16 ዓመት ላሉ ልጆች የታሰበ ሲሆን፣ የአማርኛ ገጽታ አለው፤ አንዴ ከተጫነም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ከ5 እስከ 7 ዓመት ላሉት ስክራች ጁኒየር የሚባል አለ። ኮምፒዩተር ያለው ቤተሰብ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ልጁን በቤት ለአንድ ወር ቢያስሞክር፣ ፍላጎቱ እውነተኛ መሆኑን ያረጋግጣል። በዩኒቨርሲቲዎች ሥር ያሉት የስቴም (የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የምሕንድስናና የሒሳብ) ማዕከላትና እንደ ቢሾፍቱው ፎካ ያሉት ሌላ ዕድል ናቸው፤ ከየትኛው ክፍል ጀምሮ እንደሚቀበሉ ግን አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ክፍል ማዝለል

ደብል መምታት በአያቶቻችንና በወላጆቻችን ዘመን የተለመደ ነበር፤ ዛሬ ብዙዎች ይፈሩታል። ለአሥርተ ዓመታት የተደረጉ ጥናቶች ግን በጥንቃቄ ተመርጠው ክፍል የዘለሉ ልጆች በትምህርታቸው እንደሚጠቀሙና በማኅበራዊ ኑሯቸው በአጠቃላይ እንደማይጎዱ ያሳያሉ። ቁልፉ ምርጫው ነው። በአሜሪካ ለዚህ የተዘጋጀው የአዮዋ መመዘኛ፣ ልጁ ራሱ ካልፈለገ ወይም ታላቅ ወንድሙ ወይም እህቱ ወዳሉበት ክፍል የሚገባ ከሆነ ማዝለልን አይመክርም። ለእኛ ቤተሰቦችም ሁለተኛው ነጥብ ከባድ ትርጉም አለው፤ ታላቁ ልጅ በየቀኑ ከታናሹ ጋር ሲወዳደር የሚደርስበትን ማንም ወላጅ ይገምተዋል።

በእኛ ሥርዓት የሚጨመር ጉዳይ አለ። 6ኛ ክፍል ላይ ክልላዊ ፈተና ስላለ፣ 5ኛን ዘልሎ በቀጥታ 6ኛ መግባት ልጁን በአንድ ጊዜ ለሁለት ሸክም ይዳርገዋል። የሚዘለል ከሆነ በ2ኛ ወይም በ3ኛ ክፍል አካባቢ ቢሆን ይመረጣል። የተዘለለው ክፍል በሮስተርና በትራንስክሪፕት ላይ እንዴት እንደሚመዘገብ፣ የትምህርት ቢሮው መመሪያስ ምን እንደሚል ከትምህርት ቤቱ በጽሑፍ ሳያገኙ ምንም አይጀምሩ። ሌላ ትምህርት ቤት ሲዛወር ወይም ለፈተና ሲመዘገብ የጎደለ ሰነድ ልጁን ሊያስቀረው ይችላል።

መለስተኛ መንገድም አለ፦ ልጁ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ብቻ አንድ ክፍል ከፍ ብሎ መማር። የሁለቱ ክፍሎች ፕሮግራም መገጣጠም ስላለበት የርእሰ መምህሩን ፈቃደኝነት ይጠይቃል፤ ሆኖም ወጪ የለውም፣ ካልሆነም መመለስ ቀላል ነው። በአንድ ትምህርት ብቻ ለሚቀድም ልጅ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ክበባትና ቤት ውስጥ የሚሠራ

የሳይንስ፣ የቋንቋና የሚኒ ሚዲያ ክበባት በብዙ ትምህርት ቤቶች በወረቀት ላይ አሉ፤ በእውነት መኖራቸው የሚወሰነው በአንድ ትጉ መምህር ነው። ያ መምህር ካለ ልጁን ያስገቡት።

ቤተሰቡ ራሱ ከልጁ ጋር የሚሠራው ድርሻ ግን ከሚታሰበው በላይ ነው። በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት፣ በ2015 ዓ.ም. የተመረቀው የሳይንስ ሙዚየም፣ አምስት ኪሎ ያለው ብሔራዊ ሙዚየም በጥሩ ጥያቄ ከተጎበኙ ከብዙ ክፍያ ይበልጣሉ። በብሔራዊ ሙዚየም የድንቅነሽን አጽም ቅጂ ሲያዩ «ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ነው» ብለው ቢያልፉ ልጁ አንድ ቁጥር ይዞ ይወጣል። «ቆማ ትሄድ እንደነበር ከአጥንቷ እንዴት ማወቅ ቻሉ?» ብለው ቢጠይቁት ግን የዳሌና የጉልበት አጥንቷን ቀረብ ብሎ ይመለከታል፣ የራሱን ጉልበት ይነካል፣ ቤት ሲደርስ መጽሐፍ ይፈልጋል። ለሒሳብ በኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የሚዘጋጀው ኤንሪች የተባለው የጥያቄዎች ስብስብ በነጻ የሚገኝ ሲሆን፣ ጥያቄዎቹ ለመጀመር ቀላል፣ ለመጨረስ ግን ጥልቅ ናቸው፤ እንግሊዝኛው ለከበደው ልጅ ወላጅ ሊተረጉምለት ይገባል።

በቋንቋ ተሰጥኦ ያለው ልጅ በዚህ ሁሉ ተረስቷል። ከተማው ውስጥ የሚሸጠው ሁሉ ሒሳብና ኮምፒዩተር ነው። ተረት የሚጽፍ፣ ቅኔ ሲሰማ ሰሙን ከወርቁ ለመለየት የሚጓጓ ልጅ ከቤተ መጻሕፍት፣ ከሚኒ ሚዲያና የጻፈውን አንብቦ በቁም ነገር ከሚነግረው አንድ አዋቂ ሌላ ብዙ አማራጭ የለውም። የግእዝ ትምህርት በሚሰጥበት ሰንበት ትምህርት ቤት አካባቢ የሚኖር ቤተሰብ ግን ይህን ዕድል ይጠቀምበት፤ ሰዋስውን ከሥሩ መማር ለእንዲህ ያለው ልጅ ከባድም ጣፋጭም ሥራ ነው።

በአንድ እይታ

| አማራጭ | ጥልቀት | በልጁ ልክ መሆኑ | ባልንጀራ | ወጪ | ይበልጥ የሚስማማው |
|---|---|---|---|---|---|
| የቤት አስጠኚ | በውሉ ይወሰናል | ከፍተኛ | የለም፣ በቡድን ካልሆነ | ከመካከለኛ እስከ ከፍተኛ | በአንድ ትምህርት በጣም ለቀደመ |
| አባከስ | ዝቅተኛ | መካከለኛ | አለ | መካከለኛ፣ ግን ይረዝማል | ስሌት ለሚያዘገየው |
| ኮዲንግና ሮቦቲክስ | በአስተማሪው ይወሰናል | መካከለኛ | አለ | ከፍተኛ፤ በቤት ሲሆን ዝቅተኛ | መሥራትና መፍታት ለሚወድ |
| ሙሉ ክፍል ማዝለል | መካከለኛ | መካከለኛ | ይለወጣል | የለም | በሁሉም ትምህርት ለቀደመና ራሱ ለፈለገ |
| በአንድ ትምህርት ከፍ ማለት | መካከለኛ | ከፍተኛ | አለ | የለም | በአንድ ትምህርት ለቀደመ |
| ክበባትና ቤት | በመምህሩና በወላጁ ይወሰናል | ከፍተኛ | በክበብ አለ | ዝቅተኛ | ለሁሉም፣ በተለይ ለቋንቋ |

ለየቤተሰቡ

ወርኃዊ ክፍያ የማይችል ቤተሰብ በአንድ ትምህርት ከፍ ማድረግን ከትምህርት ቤቱ ይጠይቅ፤ በሳምንት አንድ ቀን ቤተ መጻሕፍትን፣ በየማታው ደግሞ አንድ ከባድ ጥያቄን ይጨምር። ይህ የድሃ ምርጫ አይደለም፤ በደንብ ከተያዘ ከብዙ የተከፈለበት ትምህርት ይሻላል። መጠነኛ ገንዘብ ያለው ቤተሰብ ሌሎች ሁለት ቤተሰቦችን አግኝቶ አንድ ጥሩ አስጠኚ በጋራ ይቅጠር። ሰፊ አቅም ያለው ደግሞ ሦስትና አራት ትምህርት በአንድ ጊዜ ከመጀመር ይቆጠብ፤ በዓመቱ አንድ፣ በክረምት ሌላ አንድ ይበቃል። ሁለቱም ወላጆች አምሽተው የሚገቡ ከሆነ በቤት የሚሠራው ስለማይቀጥል፣ ጥሩ ክበብ ያለው ትምህርት ቤት ወይም የቅዳሜ ማዕከል ይመረጣል። በሁሉም ትምህርት ሁለት ዓመት ያህል የቀደመና በክፍሉ የሚሰቃይ ልጅ ካለ፣ ተጨማሪ ትምህርት ችግሩን አይፈታውም፤ የማዝለሉን ንግግር መጀመር ይገባል።

የትኛውም ቢመረጥ፣ በቤት የሚሰጠው ሙገሳ ውጤቱን ይነካል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት፣ በብልህነታቸው የተመሰገኑ የ5ኛ ክፍል ተማሪዎች በጥረታቸው ከተመሰገኑት ይልቅ ቀላል ሥራን መርጠዋል፣ ሲሳሳቱም ቶሎ ተስፋ ቆርጠዋል። ሁሉ ነገር በቀላሉ ለሚሳካለት ልጅ የመጀመሪያው ከባድ ጥያቄ የሚያስደነግጥ ነውና፣ አዲሱ ትምህርት በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውጤቱ ቢወርድ ወላጅ መደንገጥ የለበትም፤ ትምህርቱ በልኩ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ሊሆን ይችላል።

ክፍያን በተመለከተ የዓመቱን በአንድ ጊዜ አይክፈሉ። ቢያንስ አንድ ክፍለ ጊዜ ከኋላ ተቀምጠው እንዲከታተሉ ይጠይቁ፤ ካልተፈቀደ ሌላ ይፈልጉ። ከአንድ ወር በኋላ ልጁ በዚያ ሳምንት የሠራውን ሳይጠየቅ የሚተርክ፣ ያልተፈታለትን ጥያቄ ይዞ ወደ ቤት የሚመጣ ከሆነ ይቀጥሉ። ከሁለት ወር በኋላም ስለ ምስክር ወረቀቱና ስለ ደረጃው ብቻ የሚያወራ ከሆነ፣ ወይም ቅዳሜ ጠዋት ሆዱን የሚያመው ከሆነ፣ የተከፈለው ገንዘብ ቢያሳዝንም ትምህርቱን ማቋረጥ ይሻላል።